ሳይነግሯት ታውቃለች

ይህን ታሪክ ለልጆቼ ሳወራ ድምፄ ከፍ ይላል። «እማዬ፣ ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» ይሉኛል። ጎረቤት እንዳይሰማ፣ አማት እንዳትሰማ፣ ባል እንዳይሰማ እያልኩ አፌን ዘግቼ የከፈልኩትን እኔ አውቀዋለሁ። እናንተም ስታነቡ የምጮህባችሁ ከመሰላችሁ ታገሡኝ። እኔ አርጅቻለሁ፤ ንዴቴ ግን ገና ጎረምሳ ነው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው። የተወለድኩት ከዶዮገና በላይ ደጋው ላይ ሲሆን አፌን የፈታሁትም በከምባትኛ ነው። ሆሳዕና ዳር ለሚኖሩ ሀድያዎች ስዳር ከቋንቋቸው የማውቀው «ነይ» እና «ሂጂ» የሚሉትን ብቻ ነበር። ባለቤቴ ቅቤ ነጋዴ ነው። ከፎንቆ ገበያ ቅቤ ይሰበስባል፣ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ወር ሙሉ አይመለስም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሌለ ሰው ነበር። እኔ የኖርኩት ከእናቱ ጋር ነው ብል ይቀላል።

የአማቴን ስም አልጽፍላችሁም። በእኛ አገር ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ አጠራሩ ከስሟ ጋር የሚመሳሰል ቃል እንኳ ሲያጋጥማት በሌላ ቃል ታልፈዋለች። አማቴ ከተቀበረች ስንት ዓመቷ፣ እኔ ግን እስክሪብቶ ይዤ ስሟን ልጽፍ ስሞክር እጄ እምቢ አለኝ። ደግ ሴት ነበረች። ይህን ቀድሜ የምናገረው በኋላ እንዳትፈርዱባት ነው። በገባሁበት በመጀመሪያው ክረምት ብርድ ሲመታኝ እግሬን በቅቤ እያሸች፣ ከራሷ ጋቢ ሥር አስተኝታ ያዳነችኝ እሷ ናት። ነገር ግን የልጅ ልጅ ማየት ፈለገች። አራት ዓመት ሙሉ ሆዴን በዓይኗ ስትለካ ኖረች።

አንድ ሌላ የማይነገር ነገር ደግሞ ነበር። ልጅ ያልወለደች ምራት «አርግዣለሁ» ብላ ለአማቷ አትነግርም። ነውር ነው። ሆድ ራሱ ገፍቶ ይናገራል እንጂ አፍ አይናገርም። እናቴም ስትድረኝ የመከረችኝ ይህንኑ ነው።

በዚህ ላይ የባለቤቴ አጎቶች አሉ። ከፎንቆ በየመስቀሉ ይመጣሉ፣ ከቡላና ከቅቤ የተሠራውን አተካና ይበላሉ፣ ጢማቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ እኔ እየሰማሁ «ያልያዘች ላም ስንት ዓመት ትጠበቃለች?» ይባባላሉ። ቤተክርስቲያናችን በአንዲት ሚስት ላይ ሌላ ማግባትን ትከለክላለች። ለዚያም ቢሆን ትልቁ አጎት መልስ አላጣም፤ ቤተክርስቲያን ዘር አትቆጥርም፣ የምንቆጥረው እኛ ነን አለ። አንዲት የፎንቆ ልጅ ማየታቸውን፣ እስከሚቀጥለው መስቀል ካልፀነስኩ ግን ሽማግሌ እንደሚልኩ ተናግረው ሄዱ።

እንግዲህ ወደ ሴትዮዋ ልምጣ።

ከሆሳዕና ተነሥቶ በሞርሲቶ አቅጣጫ የግማሽ ቀን መንገድ ለሄደ፣ ወንዝ ማዶ፣ እትዬ ዱሬቴ የምትባል የማህፀን መድኃኒት አዋቂ ነበረች። ያኔ አንቱ እላት ነበር። አሁን ግን አንቱታው ከምላሴ አልወጣ አለ። ሌላ አዋቂ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ብሎ ይጠይቃል። እትዬ ዱሬቴ አትጠይቅም። ዝናዋም እሱ ነው። «ሳይነግሯት ታውቃለች» ይባላል። ሆድሽን በመዳፏ ትነካለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ተነሥታ ትሄዳለች፤ በቃ። የሚናገር በሽተኛ መድኃኒቱን ያረክሰዋል፣ ቅጠሉም ስሙ ከተጠራ ይሞታል ትላለች።

ሕጓ ብዙ ነው። እዚያ የመጣች ሴት ሌላዋን «ምን አመጣሽ?» አትላትም፤ ስሟንም አትጠይቃትም። መድኃኒቱ ወንዝ ከተሻገረ ኃይሉ ስለሚጠፋ ወደ ቤት አይወሰድም፤ እዚያው አድረሽ በማለዳ በባዶ ሆድ ትጠጫለሽ። የእጅ መንሻው ደግሞ ሥራ ነው። ከሰዓት በኋላ ደርሰሽ እስኪመሽ የሴትዮዋን እንሰት ትፍቂያለሽ። በመላው ወረዳ እንደ እሷ ቆጮ የሞላት ሴት አልነበረችም፤ ሁሉንም የፋቅነው ማህፀናችንን ታቅፈን የመጣን እኛ ነን።

አማቴ እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያን ውስጥ ከፊት የምትቀመጥ ሴት ናት። ታዲያ እንዴት ወደ አዋቂ ትሄዳለች ትሉኝ ይሆናል። ጠንቋይ አይደለችም፣ ቅጠል ነው የምትቀምመው፣ ቅጠሉንም የፈጠረው ጌታ ነው ትል ነበር። በዚህስ አልፈርድባትም። እኔም ራሴን ሲያመኝ ዛሬም ዳማከሴ ነው የማሸው።

ሁለት ጊዜ ወስዳኛለች። የመጀመሪያው ባገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። አማቴ የምትወስደኝ መካን መስዬአት፣ እንድፀንስ ነው። እኔ ግን ያኔ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። አልተናገርኩም። ለምን ልናገር? ሴትዮዋ ሳይነግሯት ታውቃለች። ሆዴን ስትነካ በልቤ «ይኸው፣ አወቀች፣ የሚያጸናውን ትሰጠኛለች» አልኩ። ደስ ብሎኝ ነው የጠጣሁት። ማርና ጤና አዳም የሚሸት፣ ከሥሩ መራራ የሆነ ነገር ነው። በሦስተኛው ቀን ደም መጣ። ለአማቴ የወር አበባዬ በርትቶብኝ ነው አልኳት። የወረደውን በቆባ ቅጠል ጠቅልዬ ከጓሮው እንሰት ሥር ቀበርኩት። በአራተኛው ዓመት መግቢያ ላይ እንደገና ሄድን፤ እንደገና ጠጣሁ፤ እንደገና ቀበርኩ። እትዬ ዱሬቴ ለአማቴ «ማህፀኗ ቀዝቃዛ ነው» ብላ ነገረቻት። እኔም አመንኩ። ማህፀኔን ጠላሁት።

ሦስተኛው ጉዞ ለመስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሦስት ወር ሞልቶኛል። ባለቤቴ አዲስ አበባ ነው። አማቴ ጠዋት በትሯን አንሥታ በቆባ የተጠቀለለ ቅቤ በእጄ አስያዘችኝና «ተነሽ ልጄ፣ ይሄ የመጨረሻችን ነው፤ መስቀል ደርሷል» አለችኝ።

ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ጭቃው ጉልበት ይይዛል። እሷ ፊት ፊት፣ እኔ ኋላ ኋላ። በመንገድ ላይ ስለ አጎቶቹ አጫወተችኝ። ያቺን የፎንቆ ልጅ ገበያ ላይ አይታት እንደነበር፣ ቁመቷ ከወፍጮ ድንጋይ እንደማይበልጥ፣ ስትራመድም እንደ ዳክዬ ወዲያ ወዲህ እንደምትል አወራችኝ። ልታስቀኝ ፈልጋ ነው። ሳቅሁላት። አንድ እጄን ግን ከነጠላዬ ሥር ሆዴ ላይ አድርጌ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ተያይዘን ተሻገርን።

ከሰዓት በኋላ ደረስን። ከእኛ ሌላ አራት ሴቶች አሉ። አማቴን ጎጆው ጥግ አስቀመጧት፤ እኔን ወደ እንሰቱ ሰደዱኝ። እንሰት መፋቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የእንሰቱን ገላ በተጋደመው ሳንቃ ላይ ዘርግታችሁ፣ መሬት ተቀምጣችሁ፣ በእግራችሁ ጨብጣችሁ ይዛችሁ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች መግፈፍ ነው። አንዲት ልጅ ከእኔ ሳንቃ ትይዩ ተቀምጣለች። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳለች። መፋቂያው አንሸራቷት ጣቷን ሲቆርጣት በዝግታ «ወይ እናቴ» አለች። ያለችው ግን በከምባትኛ ነው።

አራት ዓመት ቤቴ ውስጥ በቋንቋዬ ያናገረኝ ሰው አልነበረም። ሕጉ ሁሉ ጠፋብኝ። በነጠላዬ ጫፍ ጣቷን እያሰርኩላት በከምባትኛ የት አገር ልጅ እንደሆነች ጠየቅኋት። ደነገጠች። ዙሪያዋን አየች። ሌሎቹ ሴቶች ሀድያዎች ናቸው፤ እኛን ልብ ያለ የለም። ከዚያ እንደ ተከፈተ ግድብ አወራችኝ። አገሯ ከዶዮገና ወደ ታች ነው። ሰው አታልሏት አርግዛለች። ያታለላትን ሰው ማንነት አልነገረችኝም፣ አልጠየቅኋትምም። ወንድሟ ካወቀ ይገድላታል። ስለዚህ ለማስወረድ መጥታለች።

«እዚህ?» አልኳት። «እዚህ እኮ የሚመጣው ልጅ የሚፈልግ ሰው ነው።»

«አክስቴን አምና እዚሁ ነው ያወረደችላት» አለችኝ። «በአንዲት ዋንጫ። በሦስተኛው ቀን ወረደ።»

በሦስተኛው ቀን። መፋቂያው ከእጄ ወደቀ።

«የምትሰጠው ከየትኛው ነው?» አልኳት።

ልጅቷ በአገጯ ወደ ጎጆው በር ጠቆመችኝ። በሩ ላይ ቀይ ጠፍር ማንገቻ ያለው ትልቅ ቅል ተሰቅሏል። እኔ ሁለት ጊዜ የጠጣሁበት ቅል ነው።

«ከዚያ ነው» አለች። «ቅሉ እኮ አንድ ነው፤ ለሁሉም ከእሱ ነው የምትቀዳው።»

መፋቂያዬን አንሥቼ መፋቅ ቀጠልኩ። ምን ላድርግ? እጄ የለመደውን ይሠራል፤ ጭንቅላቴ ግን ይቆጥራል። የመጀመሪያው ሦስተኛ ቀን። የሁለተኛው ሦስተኛ ቀን። በቆባ ጠቅልዬ የቀበርኳቸው። ማህፀኔን እየረገምኩ ያነባሁት እንባ። ቀና ስል እትዬ ዱሬቴ የፋቅነውን ቆጮ እየዞረች በመዳፏ ትመዝናለች። ያችው መዳፍ ናት። ቆጮውንም ሆዳችንንም የምትመዝንበት መዳፍ አንድ ነው።

ጎኔን አሳርፌ አነጋሁ፤ እንቅልፍ ግን አልነበረም።

በማለዳ ከጎጆው ጀርባ በየእንሰቱ ሥር አንዳንድ ሆነን፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጥን። አማቶችና እናቶች ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ ሕጉ ነው። እትዬ ዱሬቴ ቅሏን በትከሻዋ አንግታ፣ የቀንድ ዋንጫዋን ይዛ መጣች። ቅቤ ስላመጣን ይመስለኛል መጀመሪያ ወደ እኔ ነው የመጣችው። ሆዴን ነካች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ቀድታ ሰጠችኝ። ተቀበልኩ። የማሩ ሽታ አፍንጫዬ ገባ።

«እትዬ» አልኳት፤ «ይሄ ያጸናል ወይስ ያወርዳል?»

ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ። በዚያ ቦታ በመጠጫ ሰዓት የሰው ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። እትዬ ዱሬቴ አልተቆጣችም። አለመቆጣቷ ነው የሚያናድደኝ። ሕፃን እንደምታባብል ሆና «ጠጪ ልጄ» አለችኝ። «መድኃኒቱ ራሱ ያውቃል። የሚጸናውን ያጸናል፣ የሚወርደውን ያወርዳል።»

ወገኖቼ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር እስኪ ደግማችሁ አንብቡት። እኔ በሕይወቴ ብዙ ውሸት ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ንጹሕ ልብስ የለበሰ ውሸት ግን አላየሁም። ልጁ ቢወርድ «መውረድ ያለበት ነው» ነው። ቢቆይ «እኔ አጸናሁት» ነው። ሴትዮዋ ተሳሳተች የሚባልበት ቀዳዳ የለም።

«መድኃኒቱ የሚያውቅ ከሆነ አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አልኳት።

አንቺ አልኳት። እናቴን የምታክል ሴት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አማቴ ከቆመችበት በትሯን እየተመረኮዘች መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። «ምን ነካሽ? አታሰድቢኝ። ጠጪና እንሂድ» አለችኝ። ብጠጣ ሦስተኛውን እቀብራለሁ። ባልጠጣ አማቴን በአደባባይ አዋረድኩ፤ መስቀል ሲመጣ የሚመልስልኝ ሰው አይኖርም። ነውሩ ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ቆሟል። ይህን ጊዜ ነው አጥንቱን የተፋሁት።

«እናቴ፣ እርጉዝ ነኝ» አልኳት። «ሦስት ወር ሞልቶኛል። ሲያመጡኝ ሁልጊዜ እርጉዝ ነበርኩ። ከዚህ ጠጥቼ በሄድኩ በሦስተኛው ቀን ይወርዳል። ይቺ ልጅ ደግሞ ለማስወረድ ነው የመጣችው፤ የሚሰጣትም ከዚሁ ቅል ነው።»

አማቴ ዓይኔን አየችኝ፣ ሆዴን አየችኝ፣ ዋንጫውን አየች። ከዚያ ያደረገችውን ማንም አድርጎት አያውቅም፤ መድኃኒት የባለቤቱ ብቻ ነውና ሌላ ሰው አይቀምሰውም። ጣቷን ዋንጫው ውስጥ ነክራ ላሰችው። አንዴ ላሰችው፣ ቆየች፣ ደግማ ላሰችው። አማቴ በየሁለት ወሩ ለቤተሰቡ ሁሉ ኮሶ የምታዘጋጅ፣ ልብሱን ሁሉ በእንዶድ የምታጥብ ሴት ናት። ምላሷ ማር የሚያታልለው ምላስ አልነበረም።

ተፋችው።

«ኮሶ ነው» አለች፣ ለእኔም ለማንም ሳይሆን ለራሷ። «እንዶድም አለበት።»

እርጉዝ ሴት ኮሶ እንደማትጠጣ የማያውቅ ማን አለ? እረኛ ያውቃል። እዚያ የቆሙት እናቶች ሁሉ ያውቃሉ። ግን አፍ ተዘግቶ፣ ስም ተደብቆ፣ ማር ተቀብቶ ሲመጣ ማን ይለየው? አዋቂዋ አልጠየቀች፣ ምራት አልተናገረች፣ አማት አልቀመሰች። ሦስታችን ተባብረን ነው የገደልናቸው።

አማቴ ቅሉን ከሴትዮዋ ትከሻ በጠፍሩ ጎትታ ወሰደችና ዘቀዘቀችው። ጥቁር ሆኖ ጭቃው ላይ ፈሰሰ። እትዬ ዱሬቴ የፈሰሰውን ዝቅ ብላ አየች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ «ቤት ውስጥ ሌላ ቅል አለኝ» አለች። ቀስ ብላ ወደ ጎጆው ሄደች። ይቅርታ አይደለም፣ ድንጋጤ አይደለም፣ እርግማን እንኳ አይደለም። ሌላ ቅል።

የልጅቷን እጅ ያዝኩና በከምባትኛ ነይ እንሂድ፣ ይሄ ይገድልሻል አልኳት። እጇን ነጠቀችኝ።

«የት ነው የምንሄደው?» አለችኝ። «አንቺ አማት አለችሽ። እኔን ቤት የሚጠብቀኝ ወንድሜ ነው። አንቺ ልጅሽን አተረፍሽ፤ የእኔን መውጫ ግን ደፋሽው።»

አማቴ በትሯን ይዛ መንገድ ጀምራለች። እኔም የራሴን ሆድ ታቅፌ ተከተልኳት። ዞር ብዬ ሳያት ከእንሰቱ ሥር ሻሿን አውርዳ ተቀምጣ ነበር። እቤቴ ልወስዳት እችል ነበር። ለአማቴ እንኳ አልነገርኳትም። የዚያን ቀን ድፍረቴ ለአንድ ሆድ ብቻ ነበር የበቃው።

ወንዙ ዳር ስንደርስ አማቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ነበሩ?» አለችኝ።

«ሁለት።»

«የት አደረግሻቸው?»

«ከጓሮው እንሰት ሥር። ከዳር ያለው ትልቁ።»

ከድንጋዩ ተነሥታ ወገቤን ይዛ፣ እንደ እንቁላል አድርጋ አሻገረችኝ።

ቤት አልገባንም፤ በቀጥታ ሆሳዕና ወዳለው ክሊኒክ ወሰደችኝ። ተራ እስኪደርሰን አንድ ቀን አድረን ነው የታየሁት። ነርሷ ወረቀት ይዛ የመጨረሻው የወር አበባዬ መቼ እንደነበር፣ ከዚህ በፊት አርግዤ እንደማውቅ፣ ምን እንደጠጣሁ ጠየቀችኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት አለቀስኩ። አራት ዓመት ሙሉ ሁሉም ሰው ስለ ማህፀኔ ሲያወራ፣ እኔን የጠየቀኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች። አማቴን ደግሞ ተቆጣቻት፤ ያን ያህል መቆጣት አልነበረባትም። አማቴ አንገቷን ደፍታ ቁጣውን ሁሉ ተቀበለች።

መስቀል ደረሰ። አጎቶቹ መጡ፤ ባለቤቴም ተመልሷል። አተካናው ቀረበ። ትልቁ አጎት ገና ስለ ላሟ አፉን ሲከፍት አማቴ ማንኪያውን ከእጇ አስቀመጠች።

«ላሚቱ ሦስቴ ይዛለች» አለችው። «ሁለቱን የገደልኩት እኔ ነኝ። አሁን ብሉና ሂዱ።»

በሉና ሄዱ።

ያን የዳር እንሰት አማቴ ዕድሜ ልኳን ቢላ አላስነካችውም። እንሰት ሳያብብ እንደሚቆረጥ ታውቃላችሁ፤ ካበበ የሚበላ ነገር አይተርፈውም። እሷ ግን እስኪያብብ ተወችው፤ አብቦም ቆሞ ደረቀ። ለሚጠይቃት ጎረቤትም «ተዉት» ብቻ ነበር መልሷ።

እኔ በመጋቢት ለመውለድ ወደ እናቴ ሄድኩ። ዶዮገና ገበያ ላይ ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። ከመስቀል በፊት አንዲት ልጅ ከሞርሲቶ በኩል ስትመጣ መንገድ ላይ ደም ፈስሷት፣ በቃሬዛ ተሸክመዋት ቤቷ ሳትደርስ ሞታለች። አንድ ዋንጫ ሳያወርድላት ሲቀር ሦስት አጠጥተዋት ነበር ተባለ። ስሟን ጠየቅሁ። ወንድሟ ስሟ እንዳይጠራ ከልክሏል አሉኝ። እኔም እዚያ ሳንቃ ላይ ትይዩ ተቀምጬ፣ ጣቷን አስሬላት፣ ስሟን አልጠየቅኋትም። ሕጉ ይከለክላልና። የወለድኳትን ሴት ልጅ በዚያች ልጅ ስም ልጠራት ፈልጌ ስም አጣሁላት።

እትዬ ዱሬቴስ? ምን ትሆናለች! ለብዙ ዓመት ቅሏን አንግታ ኖረች። ስትሞት ለቅሶዋ ላይ ሰው እንደ ገበያ ነበር አሉ።

እኔ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆንኩ። በቃሌ የማውቀውን መዝሙር ከመዝሙር መጽሐፉ ላይ እየፈለግሁ፣ ድምፁን ከፊደሉ ጋር እያጋጠምኩ ብቻዬን ማንበብ ተማርኩ። የተደበቀ ስም ሁሉ ጠላቴ ሆነ። ክሊኒኩ ውስጥ ወለል ከማጠብ ጀምሬ ቆይቼ አዋላጅ ለመርዳት በቃሁ። ምጥ ይዟት የመጣችን ሴት ከሁሉ አስቀድሜ ስሟን ነው የምጠይቃት። ቀጥዬ የጠጣችውን። ብታፍር እንኳ አልለቃትም፤ ጆሮዋ ውስጥ ገብቼ እጠይቃታለሁ። እንደዚያች ልጅ ያለች ብትመጣም አልፈርድባትም፤ ብቻዋን ግን አልተዋትም።

ከቅጠል የተጣላሁ እንዳይመስላችሁ። ጓሮዬ ውስጥ ጤና አዳም አለ፣ ግራዋም አለ። የቅጠሉን ስም የሚነግረኝን፣ ለማን እንደሚሆንና ለማን እንደማይሆን የሚለይልኝን አዋቂ እጁን እስማለሁ።

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ከከተማ አንድ ጠርሙስ ገዝታ መጣች። አግብታ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ልጅ ትፈልጋለች። ጠርሙሱ ላይ አበባ ተሥሏል። መነጽሬን አድርጌ እንደ መዝሙሩ በዝግታ አነበብኩት። «ከዕፅዋት ብቻ የተዘጋጀ። ለማንኛውም የሴቶች የማህፀን ችግር።» ገለበጥኩት። የአንድም ቅጠል ስም የለም። እኔ ያየሁት የዚያን ቅል ቀይ ጠፍር ነው።

በትሬን ይዤ ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ሻጩ ልብሱ የጸዳ፣ ትሑት ወጣት ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። የልጅ ልጄ የወር አበባ ቀርቶባት እንደሆነ ጠይቋት እንደነበር ጠየቅሁት። «እማማ፣ መጠየቅ አያስፈልግም» አለኝ፤ «ይሄ ለሁሉም ይሆናል።»

ተነሣሁ። ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ ሳስቀምጠው ድምፅ አሰማ።

«ያጸናል ወይስ ያወርዳል?» አልኩት።

ሣቀ፤ የቀለድኩ መስሎታል። ደግሜ ጠየቅሁት። ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ዞሩ። ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቀው ሣቁ ጠፋ፣ ወደ በሩ አየ፤ «እማማ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል» አለኝ።

ይስማ።